ልክ

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ወደቡ ጥግ ወርጄ፣
ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እስክሪብቶ በጥርሴ ይዤ፣
ከውኃው ውስጥ የቆመውን፣ ባለቁጥሩን ብረት አያለሁ፤
ጣና ዛሬ ስንት እንደሆነ፣ ለቢሮው እጽፋለሁ።
ዘጠኝ ዓመቴ በዚህ ሥራ።

"ሁለት ከሰባ አራት።"
ትናንት ሁለት ከሰባ ሰባት ነበር፤
"ቀነሰ" ብዬ እጽፋለሁ፣ ሳልጠይቅ ሳልመራመር።
ከምን ቀነሰ?

ዜሮውን የመታው ሰው፣ ማን እንደነበር አላውቅም፤
ፋይሉን አገላብጫለሁ፣ ስሙ አንድ ቦታ አልሰፈረም።
ምናልባት ውኃው ቀዝቅዞት፣ ምናልባት ክንዱ ዝሎበት፣
ምናልባት ምሳ ሰዓት ደርሶ፣ "እዚህ ይበቃል" ያለበት፤
ሐይቁ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ፣ ሞላ ጎደለ ይባላል፤
በአንድ ሰው የክንድ ድካም፣ ይኼ ሁሉ ውኃ ይዳኛል።

ከሥራ ወጥቼ ዓሣ ልገዛ፣ አንጓች ዘንድ ጎራ አልኩ።
"ይቺ ቆሮሶ ስንት ናት?"
"አምስት መቶ።"
ሳቅኩ። ተቆጣሁ። ሄድኩ። ተመለስኩ።
በሦስት መቶ ሃምሳ ወስጄ፣ እንዳሸነፈ ሰው ሆንኩ።
መቶ ሃምሳ አተረፍኩ ብዬ፣ መንገዱን ሙሉ ስቆጥር፣
"ለመሆኑ ስንት ታወጣለች?" ብዬ፣ ራሴን አልጠየቅኩም ነበር።
ለጎረቤቴ ለየሹምነሽ ነገርኳት፤ "ጎበዝ ነሽ!" ብላ አደነቀች፤
ነገ ገበያ ስትወርድ፣ ከእኔ ሦስት መቶ ሃምሳ ትነሳለች።
ዓሣዋ ዋጋዋን አታውቅም፤ አፏን ብቻ ትከፍታለች።

የአንጓች ባል ምንይችል፣ ጀልባውን ከችካል ሲያስር አየሁት፤
ገመዱ አምስት ክንድ ቢሆን ነው። ነፋሱ ሲነሳ ማታ
ጀልባዋ ሌሊቱን ሙሉ፣ ስትሄድ ስትመጣ ስትመታ፣
ጎርጎራ የደረሰች መስሏት፣ በደረቷ ውኃ ስትቀዝፍ፣
ሲነጋ ከችካሉ ሥር ናት፣ አምስት ክንድ እንኳ ሳታልፍ።

አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ መምህር ስመኘው የሚባል፣
የሒሳብ ወረቀቴን አንስቶ፣ "እስኪ ይኼን ምን ይሉታል?"
ሠላሳ ስምንት። በቀይ።
"ልክሽን እወቂ" አለኝ።

ልኬን አወቅኩ።
ስድሳ ባመጣ "ዕድል ነው"፣ ሠላሳ ባመጣ "ያው እኔ"፤
ከዚያች ቁጥር ከፍ ስል፣ የተዋስኩት ልብስ ይመስላል ለዓይኔ።
አምና ኢንጂነሩ መጥቶ፣ "አርባ ምንጭ ስልጠና አለ፤
ተመዝገቢ" ሲለኝ፣ "ሒሳብ አይሆንልኝም" አልኩት፤ ዝም አለ።
ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩትን፣ አንድ ነጥብ ያልተዛነፈ፣
ደብተሬን በእጁ ይዞ ነበር፣ ገጽ በገጽ እያለፈ።

ኋላ እናቴ ስታወራ ነው የሰማሁት፦ ያን ሰሞን ወባ ይዞኝ፣
የፈተናው ቀን እየተንቀጠቀጥኩ፣ ታላቄ ደግፋ እንደወሰደችኝ።
ሠላሳ ስምንት፤
ለካ ትኩሳቴ ኖሯል፣ ይኼን ሁሉ ዘመን የለካኝ።

ነሐሴ ላይ ማዕበል መታውና፣ ብረቱ ወደቀ።
ሦስት ቀን የምጽፈው አጣሁ፤ ሐይቁ ግን አላለቀ።
ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ እንዲሁ ላየው ሞከርኩ፤
"ከሐሙሱ ከፍ ብሏል" አልኩ፤
አፌን ያዝኩ።

በአራተኛው ቀን ኢንጂነሩ መጣ፣ አዲስ ብረት ተሸክሞ።
"የት ይሁን ዜሮው?" አለኝ፣ ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ፤
መዶሻውንም ሰጠኝ። እንደልብሽ፣ የትም ቢሆን።

እጄ ወደ ድሮው ቀዳዳ ሄደ።